ለዓባይ በረሃ የሚሆን ፍሬን

ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ
ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀኒያ ሰላህ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔም፣ አባቴ መሪጌታ ፍሬ ስብሐትም፣ የብረት መቅረጫ ቶርኖዬም ሦስታችንም እያቃሰትን አለን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። መልስ ስላዘገየሁ አትቀየሚኝ። መብራት ሲመጣ እኔ ደክሞኝ፣ እኔ ስነሣ መብራት ጠፍቶ ነው የከረምነው።

«ስልክ ለምን አያነሡም?» ብለሽ ተቆጥተሻል። ልጄ፣ ዕድሜ ልኬን የሰማሁት የቶርኖ ጩኸት ጆሮዬን በልቶታል። ስልክ ላይ አንቺ ትናገሪያለሽ፣ እኔ «አቤት! አቤት!» እላለሁ፣ ሒሳብሽ ያልቃል። ኢንተርኔቱም እዚህ አገር ሲኖር ነው የሚገርመን። ወረቀት ግን ጩኽልኝ አይልም፤ ሥዕሉንም ልኩንም ይዞ ይመጣል። አበራ ሚኒባሱን እስከነዳ ድረስ ፖስታ ቤታችን እሱ ነው።

«ፍሬኑ አልቋል ወይ?» ላልሽው፣ አዎ አልቋል። ሁለቱን የፊት ዲስኮች ከጭነት መኪና ዲስክ በቶርኖ አሳንሼ ነው ያወጣኋቸው፤ ከድሮዎቹ በጣም ይሰፋሉ። ዲስኩን የሚጨብጡትን ባለአራት ፒስተን ካሊፐሮች የሚይዘውን ብረት ራሴ ቆርጬ ራሴ በሳሁት። አባትሽ ነፍሱን ይማረውና፣ ያንን ቀይ ባለሁለት በር መኪና ሲገዛ ሞተሩን በትልቅ አስቀየረና ፍሬኑን እንዳለ ተወው። «ሰላህ፣ ይኼ ነገር በምን ሊቆም ነው?» ስለው ይስቅብኝ ነበር። ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው፤ መሮጡን እንጂ መቆሙን ማን ያስባል።

እናትሽ ከወረታ ሰው ልካብኝ ነበር። «ባሌን ዓባይ በረሃ በልቶብኛል። በሰው ጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ፣ ፍሬን እምቢ ብሎ፣ ከነሩዙ ገደል ገባ። አሁን ደግሞ ልጄ የእሱን መኪና እየነዳሁ በዚያው በረሃ ወርጄ ለአረፋ ቤቴ እገባለሁ ትለኛለች። አንተ ፍሬኑ በቃ ካላልህ በስተቀር አትወርድም» አለችኝ። እኔም እሺ አልኋት። ካልሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

አሁን ስሚኝ። ሙሉ ፈተናውን አልፈተንሁትም፤ የት ልፈትነው? ከዓባይ ማዶ እስከ ዘንዘልማ ብትነጂ የምታገኚው ዳገት የአስፋልት ላይ ጉብታ ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እንጦጦ ላይ፣ ቀስ እያልሽ። ዘይቱንም አብሬ ልኬያለሁ። በየሱቁ የሚሸጠው የፍሬን ዘይት ግማሹ የውሸት ነው፤ እኔ ከማምነው ሰው በጀሪካን ገዝቼ በጠርሙስ ቀድቼልሻለሁ። ከእሱ ሌላ አንዲት ጠብታ እንዳታስገቢ፣ በሞቴ።

ካርቶኑን ያሸጉልሽ አባቴ ናቸው። ዓይናቸው ደክሞ ማኅሌት መቆም ካቃታቸው ወዲህ ቀኑን ሙሉ ከእኔ ጋር ጋራዥ ይውላሉ። ገመዱን እንዳትበጥሺው፣ ፈትተሽ መልሺላቸው ብለውሻል።

ዓምደ ሚካኤል

•

አዲስ አበባ
ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ዓምደ ሚካኤል፤

እንኳን ለጥምቀት አደረሳችሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። መጀመሪያ ይህን የጻፍኩት እንዳይደነግጡ ብዬ ነው፣ በጣም ደህና ነኝ።

የመሪጌታን ገመድ ፈትቼ አበራ ጋ ልኬዋለሁ።

ፍሬኑን ከኪዲ ጋር ሆነን ገጠምነው። ኪዲ እዚህ ጋራዥ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት፤ የእርስዎን ብረት አይታ «ይኼን ሰውዬ አምጪውና እጁን ልሳመው» አለች። ከተማ ውስጥ ስነዳው ገና እግሬን ሳሳርፍበት ቀጥ ይላል። አንድ ታክሲ ከኋላዬ መጥቶ ሊገባብኝ ደርሶ ወርዶ ሰድቦኛል። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ከዚያ እንጦጦ ወጣን። ስንወርድ መጀመሪያ ጥሩ ነበር። መሃል ላይ ፔዳሉ መለስለስ ጀመረ። ትንሽ ወረድ እንዳልን እግሬ ወለሉን ነካ፤ ታች ምንም የለም፣ ጋሼ። ባዶ።

ቆሜያለሁ። እንዴት እንደቆምኩ ሌላ ጊዜ አጫውትዎታለሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ዳር ላይ ተቀምጠን ስንረግጠው ፔዳሉ ምንም እንዳልሆነ ሰው ተመልሶ ጠንክሯል። ሲግል ይከዳል፣ ሲበርድ ይታረቃል። ኪዲ አየሩን ከቧንቧው ሁለቴ አስወጥታዋለች፤ ዘይቱንም ከላኩት ሌላ አላስገባንበትም። የፍሬን ሸራው አልተቃጠለም፣ የሚፈስ ነገርም የለም።

እናቴ በየቀኑ ትደውላለች። «ዓምደ ምን አለ?» ነው የምትለው፤ እኔን እንዴት ነሽ ማለት ትታለች። ምን ልበላት? አረፋ ሩቅ ይመስላል እንጂ ሩቅ አይደለም። አባቴ ያንን መኪና አንድ ቀን እንኳ ወረታ ሳያስገባው ነው የሞተው። እኔ በእሱ መኪና፣ በዚያ ቁልቁለት፣ በእግሬ ፍሬን ይዤ መውረድ እፈልጋለሁ። ካልወረድኩት ዕድሜ ልኬን ስፈራው እኖራለሁ።

ድምፅዎ ባይሰማኝም ደብዳቤው ላይ የደከመዎት ይመስላል። ደክሞዎታል?

ልጅዎ ሀኒያ

•

ባሕር ዳር
የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀኒያ፤

እንኳን ለጾሙ አደረሰሽ። ዘንድሮ የእናንተ ረመዳንና የእኛ ዐቢይ ጾም ተገጣጥመው ባሕር ዳር በሙሉ ተርቧል። ጎረቤቴ ሙሀመድየሱፍና እኔ ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ተቀምጠን ማን የበለጠ እንደገረጣ እንተያያለን።

ደክሞኛል ወይ አልሽ። አዎ ልጄ፣ ደክሞኛል። ለማን ብዬ እዋሻለሁ? ቶርኖው ላይ ለመቆም ጠዋት ጠዋት ጉልበቴን መለመን ጀምሬያለሁ። ከሁሉ የከፋው ግን ያንቺ ደብዳቤ ነው። «ቆሜያለሁ፣ እንዴት እንደቆምኩ ሌላ ጊዜ» የሚለውን ደጋግሜ አነበብሁት። እንዴት ነው የቆምሽው? አትደብቂኝ።

ፔዳሉ ሲግል ወርዶ ሲበርድ ከተመለሰ ዘይቱ ፈልቷል ማለት ነው። የፈላ ዘይት ውስጡ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲረግጡት ይጨመቃል እንጂ ፒስተን አይገፋም። ዘይቱ ጥሩ ነው፣ የመጣበትን አውቃለሁ። እንግዲህ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ዲስኩ ግለቱን ወደ ካሊፐሩ እያሳለፈ ነው። አንድ ወር ሙሉ በዚህ ስንገበገብ ከረምሁ።

አሁን አዲስ ልኬልሻለሁ። ዲስኩ የወፈረ ነው፤ መሃሉ ክፍት ስለሆነ ንፋስ ያስገባል። ከፊት መከላከያው ሥር ንፋስ የሚስብ የላሜራ ቱቦ አለው፤ ልኩን በሥዕሉ ታገኚዋለሽ። ከፒስተኑና ከሸራው መሃል የሚገባ ግለት የሚከለክል ስስ ብረትም አለ። ዘይትም አዲስ ቀድቻለሁ። የድሮውን በሙሉ አስወጥተሽ ይኼንን ብቻ።

ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ ነው ያነበብሁት፤ ካልጮህሁ ራሴን አልሰማም። አባቴ «ሲግል ይከዳል» የሚለው ጋ ስደርስ አማተቡ። «ልጅቱን ያቺ ነገር ትበላታለች እንዴ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? አባትሽ ከወረታ በመጣ ቁጥር ጧፍ ሳይዝላቸው አይመጣም ነበር። «የእኔ እስላም ልጅ» ነበር የሚሉት። ያንቺን ነገር ከእኔ አብልጠው ነው የሚጨነቁት።

ለእናትሽ «ገና ነው» በያት። ሌላ ቃል አትጨምሪ።

ዓምደ ሚካኤል

•

አዲስ አበባ
መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ዓምደ ሚካኤል፤

ሰላም ነው? ሁለተኛውን ገጠምነው። ከመጀመሪያው ቀድሞ ከዳኝ። ገና ቁልቁለቱን ከመጀመሬ።

ደህና ነኝ።

ሌላ አይላኩ። ስለ ድካምዎ አላህ ይስጥልኝ።

አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ዘይቱን ከጀሪካኑ ወደ ጠርሙሱ የሚቀዳው ማን ነው?

ሀኒያ

•

ባሕር ዳር
መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሀኒያ ሰላህ፤

እንኳን ለዒድ አደረሰሽ። ይኼንን የምጽፈው ተቆጥቼ ነው፤ ስለዚህ ከባድ ቃል ካገኘሽ ከቁጣው ነው ብለሽ እለፊው።

ደብዳቤሽ አጭር ሆነብኝና አበራን ያዝሁት። «ምን ሰማህ?» ብዬ አፋጠጥሁት። መጀመሪያ መሬት መሬት አየ። በኋላ ነገረኝ። ያቺ ኪዲ የምትሏት ልጅ በመለኪያ ለክታው ዘይቱ ውስጥ ውሃ ተገኘ አሉ። ብዙ ውሃ። ጋራዡም ውስጥ «ሰውዬው ለቁጠባ አበርክቶት ነው» ተብሏል አሉ። አንቺስ ምን አልሽ? አበራ «ዝም አለች» አለኝ። ዝም!

እኔ ለሰላህ ልጅ ውሃ? አንቺን እኮ ገና ስትድሂ፣ የዘይት ጣሳዬን ገልብጠሽ ቀሚስሽን ስታበላሺ፣ ከእናትሽ ዱላ ያስጣልሁሽ እኔ ነኝ። የሚያበረክት ጠላ ሻጭ ነው። የፍሬን ዘይት ውስጥ ውሃ የሚጨምር ሰው ነፍሰ ገዳይ ነው፤ ይኼንን ደግሞ ያስተማርሁሽ እኔው ነኝ።

«የሚቀዳው ማን ነው?» ላልሽው፣ የምቀዳው እኔ ነኝ። በገዛ እጄ፣ በደረቅ ማንቆርቆሪያ፣ በደረቅ ጠርሙስ። ጀሪካኑን ሌላ ሰው አይነካውም። በቃ፣ የፈለግሽውን አስቢ።

ለእናትሽ «መኪናው አይወርድም» ብዬ ልኬባታለሁ። ቃሌን ነው የጠየቀችኝ፣ ቃሌ ይኼ ነው። ቶርኖውንም በሸራ ሸፍኜዋለሁ። ከንግዲህ የሚመጣ ካለ ቡሎን አጠባብቄ እሸኛለሁ እንጂ ፍሬን አልሠራም።

ዓምደ ሚካኤል

•

ባሕር ዳር
መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀኒያ፤

መልስሽን ሳልጠብቅ ደግሜ ጻፍሁ። ያለፈው ደብዳቤ ካልደረሰሽ አበራን ቅደደው በዪው። ከደረሰሽ ደግሞ ይቅር በዪኝ።

ነገር ከሥሩ ይባል የለ? ከሥሩ ልንገርሽ። ቁጣው አላስተኛ ሲለኝ «እስቲ ጀሪካኑን ራሴ ልፈትነው» ብዬ ከጀሪካኑ ትንሽ በቆርቆሮ ቀድቼ ምድጃ ላይ ጣድሁት። ብጠብቅ ብጠብቅ ዝም አለ። ጥሩ ዘይት ነው። ለሦስተኛ ካርቶን ብዬ ቀድሜ የቀዳሁት አንድ ጠርሙስ መደርደሪያው ላይ ነበር። ከዚያው ጀሪካን፣ በዚያው እጄ የቀዳሁት። እሱንም ጣድሁት። ገና ሙቀት ሲነካው ይንጣጣ፣ ይፈናጠር ጀመር። ፊቴ ላይ ፈነጠቀ።

ቆርቆሮውን እንደያዝሁ ዞርሁ። ጋራዡ ውስጥ ከእኔና ከአባቴ በቀር ሰው የለም። እሳቸው ጥግ ላይ ገመድ ይቋጥራሉ።

«አባቴ፣ ይኼን ጠርሙስ ነክተውታል?»

«አዎ።»

«ምን ጨመሩበት?»

«ጸበል» አሉኝ፣ ወጥ ውስጥ ጨው እንደጨመረ ሰው።

ከዘጌ በጀልባ የሚመጣላቸው ጸበል አለ፣ በሃይላንድ አድርገው ከራስጌያቸው የሚያኖሩት። ከእሱ ነው። «ለመጀመሪያው አንድ ሲኒ አደረግሁ። በኋላ አንተ ሲግል ይከዳል ብለህ ስታነብ ሰማሁ። ይብረድላት ብዬ ለሁለተኛው ሁለት ሲኒ አደረግሁት» አሉኝ። ሀኒያ፣ እኔ የምሠራው ምን ያህል ከንቱ እንደነበር አሁን ገባሽ? ግለቱን ለማብረድ ዲስክ ሳወፍር፣ ንፋስ ስስብ፣ ላሜራ ስቀጠቅጥ፣ እሳቸው እዚያው አጠገቤ ተቀምጠው በራሳቸው መንገድ ሊያበርዱት ነው። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት መሐንዲስ!

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» ብዬ ጮህሁባቸው። እውነቴን ነው፣ በአባቴ ላይ ጮህሁ።

«ብነግርህ ትጽፍላታለህ» አሉ። «ልጅቱ እስላም ናት። የቄስ ጸበል መኪናዬ ውስጥ ገባ ብላ ቅር ቢላትስ? እሷን ማስቀየም ፈራሁ። እንድትሞት ደግሞ አልፈለግሁም። ሰላህን ያ ገደል ሲወስደው ምንም አላደረግሁለትም፤ ለልጁ እንኳ የምችለውን ላድርግ አልሁ። የምችለው ይኼንን ነው።»

ውሃ ዘይቱ ውስጥ ገብቶ ሲፈላ ምን እንደሚሆን ነገርኋቸው። ባልነግራቸው ይሻል ነበር ይሆን? አላውቅም። ገመዱን አስቀምጠው ሰሙኝ። ከዚያ «ልጅቱ ልትሞት ነበር ማለት ነው?» አሉ። መዋሸት አቃተኝ። «አዎ» አልኋቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጋራዥ አልመጡም። እህል አፋቸው አይገባም፤ ጾሙን ሰበብ ያደርጉታል። «ጸበሉ ምን አጠፋ፣ ያለቦታው ያፈሰሰችው እጄ ናት» ይላሉ። ትናንት ደግሞ «አዲስ አበባ ውሰደኝ፣ ልጅቱን በአካል ይቅርታ ልጠይቃት» ብለው ተነሡ። «በዚህ ዓይን፣ በዚህ መንገድ? ከልጅ ጋር ሆነው አያስቁብኝ» ብዬ ከለከልኋቸው።

ያለውን ዘይት በሙሉ ድፊው። ቧንቧውንም እጠቢው። ያለፈው ሁሉ በእኔ ቤት የተሠራ ጥፋት ነው፤ በአባቴ ግን አትፍረጂባቸው፣ አደራ።

ዓምደ ሚካኤል

•

አዲስ አበባ
ሚያዝያ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ዓምደ ሚካኤል፤

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰዎ። ቁጭ ብለው ያንብቡት። መሪጌታ እኔ ዘንድ ናቸው። ደህና ናቸው፤ አሁን አጠገቤ ተቀምጠው የኪዲን እናት ዶሮ እየበሉ ነው። እሳቸው ለበዓል ዘጌ የሄዱ እንደሚመስልዎት ነግረውኛል። አበራን «ልጄ ፈቅዷል» ብለው አታለውት ነው የተሳፈሩት። አበራን አይቆጡት፤ መሪጌታ ዋሹኝ ብሎ እስካሁን ራሱን ይዟል።

እንዴት እንደመጡ ልንገርዎት። ጋራዡ በር ላይ መኪና ሥር ገብቼ ነበር። ስወጣ ነጭ የለበሱ ሽማግሌ ቆመዋል። ከግንቡ ሥር ድንጋይ አንሥተው ማጅራታቸው ላይ አድርገዋል። ጎንበስ ብለው «ሀኒያ የምትባለው የሰላህ ልጅ የቷ ናት? ይቅር ትበለኝ» ይላሉ። ሰው ሁሉ ሥራ አቁሞ ያያል። እኔ እጄ ቅባት ነው፣ ልይዛቸው ፈራሁ፤ አለቀስኩ ብቻ። ኪዲ ሮጣ ድንጋዩን ነጠቀቻቸው። «አባባ፣ እኔ እኮ የልጅ ልጅዎ ነኝ፤ ለኔ ድንጋይ ይሸከማሉ?» ስላቸው «ያጠፋ ይሸከማል፣ ልጄ። በዕድሜ አይደለም» አሉኝ።

አሁን የኔ ተራ ነው። ኪዲ በመለኪያው ለክታ ቀይ ሲበራ፣ እኔ እርስዎን ጠረጠርኩ። አልተናገርኩም፣ ግን ጠረጠርኩ። ገመድ እየፈታሁ የምመልስለት ቤት ውሃ ይጨምርልኛል ብዬ አሰብኩ። አፈርኩ ጋሼ። የጻፉልኝ የቁጣ ደብዳቤ ሲያንሰኝ ነው።

የደበቅኩትንም ልናገር። የመጀመሪያ ቀን የቆምኩት ግንብ ታክኬ ነው። የቀኝ በሩ ከዳር እስከ ዳር ተልጧል። ከግንቡ ወዲያ ገደል ነበር። በሩን አስቀጥቅጬ አስቀብቼዋለሁና ለእናቴ ትንፍሽ እንዳይሉ። ይኼንን ለመሪጌታ አልነገርኳቸውም፤ እርስዎም አይንገሯቸው።

የእናቴን ነገር ሲሰሙ ደግሞ ይስቃሉ። የመሪጌታን ነገር በስልክ ስነግራት «እኔም እኮ መኪናው እዚህ ሲደርስ ሞተሩ ላይ የዘምዘም ውሃ ላፈስበት አስቀምጬ ነበር» አለችኝ። «እማ፣ ጠጪው በቃ» አልኳት።

ዘይቱን ደፋን፣ ቧንቧውን አጠብን፣ በማኅተም የታሸገ ዘይት ኪዲ ለክታ አስገባች። ከዚያ በሁለተኛው ዲስክዎ እንጦጦን ወረድኩት። ወጥቼ ደግሜ ወረድኩት። ዲስኩ ደም መስሎ ቀላ፤ ፔዳሉ ግን ላይ ነው፣ እንደ ድንጋይ። ኪዲ ዳር ቆማ ስትጮህ እርስዎም ሳይሰሙ አልቀሩም። የሠሩት ነገር መጀመሪያውኑ ልክ ነበር፣ ጋሼ። ሁለቱም።

አሁን ችግሩ እዚህ ነው። መሪጌታ በአበራ መኪና አልመለስም አሉ። «ያቺን ቁልቁለት ከዚች ልጅ ጋር አብሬ ነው የምወርደው። በእጄ ልገድላት ነበር፤ እንግዲህ የእሷ ነፍስ ባለበት የእኔም ትቀመጥ» ነው የሚሉት። ለመንኳቸው፣ ተቆጣኋቸው፣ ኪዲም ለመነቻቸው። መኪናው ውስጥ ገብተው ቀበቶ አስረው ተቀምጠው ነበር፣ ቆሞ እያለ።

እናቴ ያለ እርስዎ ቃል አይሆንም ብላለች። እኔም ያለ እርስዎ ቃል እሳቸውን ይዤ አልወርድም። በቃ ይላሉ?

ልጅዎ ሀኒያ

•

ባሕር ዳር
ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀኒያ፤

የጻፍሽልኝን ሳነብ መጀመሪያ አበራን ልመታ ተነሣሁ፤ እሱ ግን ሸሽቶ ሙሀመድየሱፍ ሱቅ ገብቶ ነበር። ከዚያ ተቀምጬ አለቀስሁ። አባቴ ድንጋይ ተሸክመው! እኔ አምጥቻቸው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ድንጋዩን እይዝላቸው ነበር።

ይኼንን መልስ ሦስቴ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። አንዱ ላይ «አይሆንም፣ በአውሮፕላን ላኪያቸው» አልሁ። ሌላው ላይ «መኪናውን ጭነሽ አምጪው» አልሁ። የሠራሁትን ሥራ አውቀዋለሁ። እያንዳንዱን ቀዳዳ በእጄ ነው የበሳሁት፤ ሥዕሉን ዓይኔን ጨፍኜ እሥለዋለሁ። ሌላ ሰው መጥቶ «ይወርዳል ወይ?» ቢለኝ «አዎ፣ ሂድ» እለው ነበር። አንቺና አባቴ አንድ ላይ ስትሆኑ ግን አፌ ይተሳሰራል። ፈራሁ ልጄ። አንድ ሰው ያለውን ሁሉ አንድ መኪና ላይ ይጭናል? ሰላህን ቀብሬያለሁ፣ በቂዬ ነው።

አሁን ግን እንዲህ አሰብሁ። በሥራዬ ላይ አባቴን ማስቀመጥ ካልደፈርሁ፣ አንቺን ብቻሽን በምን አፌ «ውረጂ» ልልሽ ነው? እናትሽ ዘይነት ቃሌን ስትጠይቀኝ የጠየቀችኝ ይኼንኑ ነው። ልጅሽን እሰጣለሁ፣ አባቴን ግን አልሰጥም ማለት ቃል አይደለም።

ስለዚህ ፍሬኑ በቃ። ለእናትሽም «በቃ» ብዬ ልኬባታለሁ።

ከጎሐ ጽዮን ስትነሺ ቆመሽ ዘይቱን እዪ። በዝቅተኛ ማርሽ ውረጂ፤ ፍሬን አለኝ ብለሽ ማርሹን አትፍቺ። እግርሽን ፔዳሉ ላይ አታስተኚ፣ ያዝ ለቀቅ። ከከባድ መኪና ኋላ ከሆንሽ ራቂ። ትንሽ እንኳ ከለሰለሰብሽ ዳር ይዘሽ ቁሚ፣ ማንም ቢሳደብ አትስሚ። መንገዱ ሰላም ነው የተባለ ቀን ብቻ ተነሺ። አባቴን ደግሞ ነጠላዎን በደንብ ይልበሱ በያቸው፣ መስኮት ከፍተው መሄድ ይወዳሉ።

እኔ እስክትመጡ ቶርኖውን አልነካም።

ዓምደ ሚካኤል

•

ደጀን
ግንቦት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ዓምደ ሚካኤል፤

ይኼ ደብዳቤ ከእኛ ቀድሞ እንዲደርስዎት ብዬ ለአበራ ሰጥቼዋለሁ፤ እሱ ዛሬ ባሕር ዳር ይገባል። እኛ ዳገቱን ወጥተን ደጀን ነው የምናድረው። መሪጌታ ወገባቸውን ትንሽ ስላመማቸው ነው እንጂ ሌላ ምንም የለም። ነገ እንገባለን፣ ኢንሻአላህ።

ጎሐ ጽዮን ላይ እንዳሉኝ ቆሜ ዘይቱን አየሁ። መሪጌታ ሻይ ጠጥተው መስቀላቸውን አወጡ። ከዚያ እጃቸውን ያዝ አደረጉና «ልመርቅሽ ወይስ ቅር ይልሻል?» አሉኝ። «ቅር አይለኝም አባባ፣ ይመርቁኝ። ዘይቱ ውስጥ ብቻ እንዳይገባ» አልኳቸው። ሲስቁ ጥርስ እንደሌላቸው ገና ያኔ አየሁ። እኔም ቢስሚላህ ብዬ ተነሣሁ።

ጋሼ፣ ፈርቻለሁ። የመጀመሪያዎቹ ጠመዝማዞች ላይ ዝንጀሮዎች መሃል መንገድ ተቀምጠው ነበርና ያዝ አደረግኩት፤ ቀጥ አለ። ከዚያ ሌላ መታጠፊያ፣ ከዚያ ሌላ። በየታጠፍኩበት «አሁን ይለሰልሳል፣ አሁን ይለሰልሳል» እያልኩ ጠበቅኩት። የጋለ ብረት ይሸተኛል። አየሩ እየሞቀ፣ ጆሮዬ እየተደፈነ መጣ። ፔዳሉ ግን ላይ ነው። ከላይ ስንነሣ የነበረበት ቦታ ላይ።

አባቴ የወደቀበት ማዶ፣ በደጀን በኩል ነው። ከወዲህ ሆኜ ታየኝ። አላለቀስኩም። «አባ፣ መኪናህን እየወሰድኩልህ ነው» አልኩ ጮክ ብዬ። መሪጌታ አልመለሱልኝም። ዳዊት እየደገሙ ይሆናል ብዬ አልረበሽኳቸውም፤ ዓይኔን ከመንገዱ ማንሣትም ፈርቼ ነበር።

ታች ደርሰን ድልድዩን ተሻገርንና ጥላ ያለበት ዳር ይዤ ቆምኩ። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። ሞተሩን አጠፋሁ። የዚያን ጊዜ እንባዬ መጣ፤ መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፣ የደስታም ይሁን የአባቴ እንጃ። በመጨረሻ ዞሬ «አባባ!» ስላቸው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው አንገታቸው ወደ መስኮቱ አዘንብሎ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ከላይ ጀምሮ ተኝተው ነው የወረዱት።

ትከሻቸውን ነካ ሳደርጋቸው ደንገጥ ብለው ቀበቶውን በሁለት እጃቸው ጨበጡና፣ «ልጄ፣ ቁልቁለቱ የሚጀምረው ከየት ጋ ነው?» አሉኝ።

ሀኒያ